ያውቁ ኖሯል? «ሞክሩት፤ ከተስማማችሁ ክፈሉ»

ላፕቶፕዎን ሲከፍቱ «የሙከራ ጊዜዎ አልቋል» የሚል መስኮት ገጥሞዎት ያውቃል? ከዚያች አጭር መልእክት ጀርባ ከ40 ዓመት በላይ የዘለቀ የንግድ፣ የሕግና የተንኮል ታሪክ አለ። ቀልጠፍ እያልን እንየው። ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በፖስታ የሚመጣ ቼክ

• አንድሩ ፍሉገልማን የተባለ አሜሪካዊ የሕግ ባለሙያና አርታኢ በ1982 ፒሲ-ቶክ የተሰኘ ፕሮግራም ጻፈ። ሥራው ኮምፒውተርን በሞደምና በስልክ መስመር ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነበር። በካርቶን አሽጎ ለሱቅ አላስረከበውም። ባዶ ዲስክና ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ለላከለት ሁሉ ገልብጦ ይልክለታል። ከፕሮግራሙ ጋር የሚሄደው መልእክት፣ ከጠቀመዎት 25 ዶላር ይላኩልኝ፣ ላኩም አልላኩም ግን ለሌላው ያካፍሉት የሚል ይዘት ነበረው።

• ፍሉገልማን ሐሳቡን ያገኘው ከሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የሚታየው ጣቢያ ዝግጅቱን ለሁሉም በነፃ እያሳየ፣ የወደዱት ተመልካቾች በፈቃዳቸው እንዲያዋጡ ይለምን ነበር። «ይህ ለቴሌቪዥን ከሠራ ለሶፍትዌር ለምን አይሠራም?» የሚለው ጥያቄ አንድ ሙሉ የንግድ ዘርፍ ወለደ።

• በዚያው ዓመት፣ በሲያትል አካባቢ፣ በንግድ ስሙ ጂም በተን የሚባል የአይቢኤም ሠራተኛ ለቤተ ክርስቲያኑ አባላት የፖስታ አድራሻ የሚያትም ፕሮግራም ሠራ። የሥራ ባልደረቦቹ ወደዱት፣ እነሱም ለሌሎች ሰጡት። ማሻሻያ ባወጣ ቁጥር ለሁሉም ዲስክ መላኩ ኪሱን ሲጎዳው፣ የሚጠቀሙበት ሰዎች 10 ዶላር እንዲልኩለት ጠየቀ። ፒሲ-ፋይል የተባለው ዝነኛ የመረጃ ማደራጃ የተወለደው እንዲህ ነው።

• ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም ነበር። ያገናኛቸው ሁለቱም ፕሮግራሞች የደረሱት ተጠቃሚ ነው። ከዚያ በኋላ ተነጋግረው ዋጋቸውን 25 ዶላር ላይ አስተካከሉ፤ አንዱም የሌላውን ፕሮግራም ለደንበኞቹ ያስተዋውቅ ጀመር።

• ጂም በተን በ1984 አይቢኤምን ለቆ ወጣ። ማንም ሳያስገድዳቸው ሰዎች በፖስታ የሚልኩለት ገንዘብ ከደመወዙ በብዙ እጥፍ በልጦ ነበርና።

• ሦስተኛው ፈር ቀዳጅ ቦብ ዋላስ ነው። ከማይክሮሶፍት ቀደምት ሠራተኞች አንዱ ነበር። ከዚያ ወጥቶ በ1983 ፒሲ-ራይት የተባለ የጽሑፍ ማቀናበሪያ አወጣ። ዲስኩ 10 ዶላር ነው፤ መጽሐፍና የስልክ እርዳታ የሚያስገኘው ምዝገባ ደግሞ 75 ዶላር። ብልሃቱ ግን ወዲህ ነው። የተመዘገበ ሰው የያዘው ቅጂ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ከዚያ ቅጂ ገልብጦ የወሰደ ሌላ ሰው ሲመዘገብ የመጀመሪያው ሰው 25 ዶላር ኮሚሽን ያገኛል። ሌሎች ኩባንያዎች «ኮፒ የሚያደርግ ሌባ ነው» ሲሉ፣ ዋላስ ኮፒ ያደረገውን ደላላ አድርጎ ከፈለው።

• ፍሉገልማን «ፍሪዌር» የሚለውን ስም የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበው። ሌሎቹ ስሙን መጠቀም ስላልቻሉ «ሼርዌር» የሚለው ገንኖ ቀረ።

• የዘርፉ ሰዎች በ1987 የሼርዌር ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩ አባላቱ ሆን ብለው ያጎደሉትን ፕሮግራም «ሞክሩት» ብለው እንዳያሰራጩ ከልክሎ ነበር። በተጠቃሚና በደራሲ መካከል አለመግባባት ሲፈጠር ቅሬታ የሚሰማ ሰውም ነበረው። ማኅበሩ በ2021 ፈረሰ።

• ቤቱ ተቀምጦ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በዚያ ዘመን የክሬዲት ካርድ ክፍያ መቀበል ይቸግረው ነበር፤ ባንኮች ሱቅ የሌለውን ነጋዴ አያምኑም። ኔልሰን ፎርድ የተባለ ሰው ከቴክሳስ፣ ሂዩስተን ሆኖ የደንበኞችን ትእዛዝ በስልክ እየተቀበለ፣ ካርዳቸውን እያስከፈለ፣ ገንዘቡን ለደራሲዎቹ ያስተላልፍ ጀመር።

«ገልብጡ» የሚል ፈቃድ

• የሼርዌር ላይሰንስ አንድ ወረቀት ቢመስልም ውስጡ ሁለት ፈቃዶች ናቸው። አንደኛው የማሰራጨት ነው፤ ፋይሎቹን ሳይቀንሱና ሳይቀይሩ ለፈለጉት ሰው መስጠት ይችላሉ። ሁለተኛው የመጠቀም ነው፤ ለ30 ቀን ይሞክሩ፣ ከዚያ ይክፈሉ ወይም ያጥፉ። ስለዚህ ገልብጠው ለጎረቤት ቢሰጡ ሕግ አልጣሱም፤ በ31ኛው ቀን ሳይከፍሉ ሥራዎን ቢሠሩበት ግን ጥሰዋል። ማር ሻጭ በጣት ያስቀምሳል፤ የሼርዌር ደራሲ ግን ገንቦውን እንዳለ አስረክቦ «ጨርሰው ሲወዱት ይክፈሉኝ» የሚል ነው።

• በድሮው ዲስክ ውስጥ ከፕሮግራሙ ጎን አጫጭር የጽሑፍ ፋይሎች ይገኙ ነበር። አንዱ የአጠቃቀም መመሪያ ነው። ሌላው ለዲስክ ነጋዴዎች የተጻፈ ሲሆን፣ ምን ያህል ማስከፈል እንደሚችሉና የትኛውን ፋይል መንካት እንደማይችሉ ይነግራል። ሌላው ደግሞ የትእዛዝ ቅጽ ነው። ደንበኛው በፕሪንተር አትሞ፣ ስሙንና የዲስኩን መጠን በእስክሪብቶ ሞልቶ፣ ቼክ አያይዞ በፖስታ ይልከዋል።

• እነዚያ የዲስክ ነጋዴዎች ለአንድ ዲስክ ጥቂት ዶላር ይቀበሉ ነበር። ብዙ ገዢዎች «ከፍያለሁ» ብለው ያርፋሉ። የከፈሉት ግን ለማባዣና ለማድረሻ እንጂ ለፕሮግራሙ አይደለም፤ ከዚያ ገንዘብ ለደራሲው ሰባራ ሳንቲም ላይደርሰው ይችላል።

• የአሜሪካ ሕግ ሼርዌርን በስሙ ያውቀዋል። በ1990 የወጣ ሕግ የአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮ ሼርዌርን የሚመለከቱ ሰነዶችን ተቀብሎ እንዲመዘግብ ፈቅዷል።

• በነፃ ማውረድና በነፃ መጠቀም ለየቅል ናቸው። ሼርዌር በነፃ ይወርዳል፣ በኋላ ይከፈልበታል። ዛሬ ፍሪዌር የሚባለው ዋጋ የለውም፣ ምንጭ ኮዱ ግን የባለቤቱ ምሥጢር ነው። ኦፕን ሶርስ ደግሞ ኮዱን ጭምር አሳይቶ ለመቀየርም ለማሰራጨትም ይፈቅዳል።

ጌሞቹ ያመጡት ዘዴ

• አሜሪካዊው ስኮት ሚለር ጌም ሠርቶ «ከወደዳችሁት ላኩልኝ» ቢል የረባ ገንዘብ አላገኘም። በ1987 ኪንግደም ኦፍ ክሮዝ የተባለውን ጌሙን ከፋፈለውና የመጀመሪያውን ክፍል በነፃ ለቀቀ፣ ቀሪዎቹን በገንዘብ አደረገ። ልግስናን ትቶ ጉጉትን መሸጥ ጀመረ ማለት ነው። የሚለር ኩባንያ አፖጂ ይባላል።

• ሚለር በሌላ ድርጅት ይሠራ የነበረውን ጆን ሮሜሮን ለመሳብ ፈልጎ፣ ደብዳቤው በአለቆች እጅ ተከፍቶ እንዳይቀር ሰጋ። ስለዚህ በተለያዩ ስሞች የአድናቂ ደብዳቤ ጻፈለት። ሮሜሮ ደስ ብሎት ደብዳቤዎቹን ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ነበር። ኋላ አስተውሎ ቢመለከት የሁሉም «አድናቂዎች» አድራሻ አንድ ሆኖ አገኘው! ከዚህ ግንኙነት የተገኘው ኮማንደር ኪን ታኅሣሥ 14 ቀን 1990 በሼርዌር መልክ ወጣ።

• የእነ ሮሜሮ ቡድን አይዲ ሶፍትዌር የሠራው ዱም የተባለው ጌም ታኅሣሥ 10 ቀን 1993 የተለቀቀው ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ላይ ነበር። የሚጠብቀው ሰው ብዛት ከማጨናነቁ የተነሣ ጌሙን የሚጭኑት ሰዎች ራሳቸው መግባት ተቸግረው ነበር። 9 ደረጃዎች ያሉት የመጀመሪያው ክፍል ነፃ ነው። ቀሪዎቹን ሁለት ክፍሎች የፈለገ ደውሎ 40 ዶላር ይከፍላል።

• አይዲ ሶፍትዌር ለሱቆች «የዱምን ነፃ ዲስክ አባዝታችሁ በፈለጋችሁት ዋጋ ሽጡ፣ ድርሻ አንጠይቅም» አላቸው። ሱቆቹ በራሳቸው ወጪ ማሸጊያ አሠርተው መደርደሪያቸው ላይ አቆሙት። ኩባንያው ያለ አንድ ሳንቲም የማስታወቂያ ወጪ በየሱቁ ገባ።

• በ1996 ኩዌክ ሲወጣ ሌላ ሙከራ ተደረገ። ነፃውን ክፍል የያዘው ሲዲ ሙሉውን ጌምና ሌሎች የኩባንያውን ጌሞች ተቆልፈው ይዟል። ደንበኛው ደውሎ ከከፈለ መክፈቻ ቁጥር ይሰጠዋል። መቆለፊያው ብዙም ሳይቆይ ተሰበረ፣ ሲዲውም በርካሽ የተገዛ የጌም ጎተራ ሆነ።

• ቲም ስዊኒ በ1991 ዜድዜድቲ የተባለውን ጌሙን በሼርዌር መሸጥ የጀመረው ሜሪላንድ ውስጥ ከወላጆቹ ቤት ነው። ትልቅ ድርጅት ለመምሰል ኩባንያውን ኤፒክ ሜጋጌምስ አለው። ዛሬ ፎርትናይትን የሚሠራው ኤፒክ ጌምስ ያው እሱ ነው። አንሪል ኢንጂን የተባለውን የጌም መሥሪያውን ለጌም ሠሪዎች ሲሰጥም የጥንቱን መንገድ አልተወም። በነፃ ወስደው ይሠሩበታል፤ ጌምዎ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካስገባ ከዚያ በላይ ካለው ገቢ 5 በመቶ ይከፍላሉ።

በየኮምፒውተሩ ያለ የሼርዌር አሻራ

• አንድ የዚፕ ፋይል በኖትፓድ ከፍተው ይመልከቱ። ሙሉው ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ግን ይነበባሉ፦ ፒ እና ኬ። የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ካትዝ በ1989 ፒኬዚፕን በሼርዌር አወጣ፣ የፋይሉን አሠራር ደግሞ ማንም እንዲጠቀምበት ይፋ አደረገ። የዛሬዎቹ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎች፣ የአንድሮይድ መጫኛ ፋይሎችም በውስጣቸው ዚፕ ስለሆኑ፣ ሲቪዎን በላኩ ቁጥር የካትዝን ስም አብረው እየላኩ ነው። እሱ ራሱ በ2000፣ ገና በ37 ዓመቱ፣ ሚልዋኪ ውስጥ አረፈ።

• ጆን ማካፊ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጸረ-ቫይረሱን ያሰራጨው በስልክ መስመር በሚገባባቸው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ነው። ግለሰቦች በነፃ ወስደው ቤታቸው ይጠቀሙበታል፤ ወደ መሥሪያ ቤታቸው ሲያስገቡት ግን መሥሪያ ቤቱ ላይሰንስ መግዛት አለበት። ሠራተኛው ሳያውቀው የሽያጭ ወኪል ሆነ።

• የኦፔራ ብራውዘር ቀድሞ ሞክረው የሚገዙት ነበር። በ2000 ያልከፈለ ሰው ማስታወቂያ እያየ እንዲጠቀም ተፈቀደ፤ በ2005 ማስታወቂያውም ተነሥቶ ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆነ።

• አዶቤ ፒዲኤፍን በ1993 ሲያወጣ ማንበቢያውም በገንዘብ ነበር። ማንበቢያው ነፃ ከሆነ በኋላ ፒዲኤፍ ዓለምን ሞላ። ለአንባቢ ነፃ፣ ለጸሐፊ በገንዘብ የሚለው ዘዴ በራር ፋይልም ይሠራል፦ መክፈቻው ነፃ ነው፣ ማሸጊያው ግን ላይሰንስ ይፈልጋል።

ቀኑ ሲሞላ

• የሙከራ ፕሮግራም ቀኑ ሲሞላ ከሦስት አንዱን ያደርጋል፦ እየነዘነዘ ይቀጥላል፣ ይቆለፋል፣ ወይም ካርድዎን ያስከፍላል። ሌላው የላይሰንስ ዝርዝር ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

• ከነዝናዞቹ ሁሉ ዝነኛው ዊንራር ነው። የዩጂን ሮሻል ሥራ የሆነው ይህ ፕሮግራም የ40 ቀን ሙከራ ይሰጣል። በ41ኛው ቀን «እባክዎ ይግዙ» የሚል መስኮት ይመጣል። መስኮቱን ሲዘጉት ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ይሠራል። ላይሰንሱ ግን ቁርጥ ያለ ነው፦ ይግዙ ወይም ያጥፉ። ግለሰቡ ቢያልፈው ማንም ላይጠይቀው ይችላል፤ ኦዲተር የሚመጣበት ድርጅት ግን ሊያልፈው አይችልም።

• የስዊዘርላንዱ ቶታል ኮማንደር ነዝናዛነቱን በጥያቄ ያደርገዋል። ያልተመዘገበ ሰው በከፈተው ቁጥር 1፣ 2 ወይም 3 ቁጥርን እንዲጫን ይታዘዛል፤ የትኛውን እንደሚጫን በየጊዜው ይለዋወጣል። ሳያነቡ መዝጋት አይቻልም።

• በ1997 ዊንአምፕን የሠራው ጀስቲን ፍራንክል ዛሬ ሪፐር የተባለ የድምፅ ማቀናበሪያ አለው። 60 ቀን በሙሉ አቅሙ ይሞከራል። ከዚያ ለግለሰብና ገቢው በዓመት ከ20,000 ዶላር ላልበለጠ ሥራ 60 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 225 ዶላር ነው። ፕሮግራሙ አንድ ነው፣ የሚለየው የከፋዩ አቅም ብቻ ነው። የትኛው ዋጋ እንደሚመለከትዎ የሚመሰክሩትም እርስዎው ነዎት።

• ከተቆላፊዎቹ መካከል የማይክሮሶፍት የሙከራ ቅጂዎች አሉ። ዊንዶውስ ሰርቨር 180 ቀን፣ የድርጅቶች ዊንዶውስ ደግሞ 90 ቀን ይሞከራል። ተራው ዊንዶውስ ግን አክቲቬት ባይደረግም አይዘጋም። ጥግ ላይ ጽሑፍ ለጥፎ የግድግዳ ሥዕል እንዳይቀይሩ ይከለክልዎታል።

• የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ የሙከራ ጊዜ ማራዘም ያረጀ ዘዴ ነው። ፕሮግራሞቹም ነቁ። በመጨረሻ የተከፈቱበትን ቀን ደብቀው ይመዘግባሉ፤ ዛሬ ከትናንት ቀድሞ ሲያገኙት ይቆለፋሉ።

• የዊንዶውስ 95 የሽያጭ ቁልፍ የሚፈተሸው በሒሳብ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሰባት አኃዞች ተደምረው ለ7 ያለ ቀሪ መካፈል አለባቸው። በዚህ ስሌት ሰባት ጊዜ 1 መጻፍም ያልፍ ነበር! ዛሬ ቁልፍ የሚዘጋጀው በምሥጠራ በተሠራ ዲጂታል ፊርማ ነው። ፕሮግራሙ ፊርማውን መመርመር ይችላል፣ ራሱ ፊርማ መፍጠር ግን አይችልም።

ዶላር ያልጠየቁ ደራሲዎች

• ለማኪንቶሽ የሥዕል መመልከቻ የሠራው አሮን ጊልስ ለጄፔግቪው የጠየቀው ክፍያ ፖስት ካርድ ነበር። ዴንማርካዊው ፖል-ሄኒንግ ካምፕ ደግሞ ኮዱን «ከተገናኘንና ሥራዬ ይገባዋል ካሉ ቢራ ይጋብዙኝ» በሚል ይዘት ለቀቀው።

• ወደ እኛ ሰፈር የሚቀርበው የኔዘርላንዱ ብራም ሞሌናር ነው። በ1991 ያወጣው ቪም የተባለው የኮድ መጻፊያ ነፃ ነው። ሲከፈት ግን በኡጋንዳ ያሉ ችግረኛ ሕፃናትን እንዲረዱ የሚጋብዝ መልእክት ይታያል። ሞሌናር ራሱ በደቡብ ኡጋንዳ ኪባሌ በሕፃናት ማእከል ውስጥ በፈቃደኝነት ሠርቷል። በ2023 እስኪያርፍ ድረስ ከፕሮግራሙ የሚገኘው እርዳታ ወደዚያው ይሄድ ነበር።

ዳኛ ፊት የቀረቡ «እስማማለሁ»ዎች

• «ኢንተርኔት ላይ በነፃ ስላገኘሁት ሽጬዋለሁ» ያለ ድርጅት በ1998 ኢሊኖይ ውስጥ ተረትቷል። ወርኃዊ ሲዲ የሚሸጥ ክለብ የስቶርም ኢምፓክትን የሼርዌር ጌሞች ያለ ፈቃድ በሲዲው አካቶ ነበር። ደራሲዎቹ ለትርፍ ማሰራጨትን በጽሑፍ ከልክለው ስለነበር ፍርድ ቤቱ ክልከላው ይከበር አለ።

• በ2002 ኒው ዮርክ የሚቀመጠው የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በብራውዘር ሠሪው ኔትስኬፕ ላይ ፈረደ። የማውረጃው ቁልፍ ከላይ ይታያል፤ የላይሰንሱ ማስታወቂያ ግን ገጹን ወደ ታች ካልሳቡ አይታይም። ያላየውን ውል ተስማምቷል ሊባል አይችልም ተባለ። ፍርዱን የጻፉት በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሶንያ ሶቶማዮር ናቸው። ዛሬ ሳጥኗ ውስጥ ምልክት ካላደረጉ አላሳልፍ የሚለው ፎርም የዚህ ዓይነት ፍርድ ውጤት ነው።

• የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሐምሌ 2012፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተገዛ የሶፍትዌር ላይሰንስ፣ ከኢንተርኔት የወረደ ቢሆንም እንኳ፣ ባለቤቱ ለሌላ ሰው መልሶ ሊሸጠው ይችላል ሲል ወሰነ። ኦራክል የተረታበት ክርክር ነው። ሻጩ ግን የራሱን ቅጂ መጠቀም ማቆም አለበት።

በሙከራ ስም የመጣ ተንኮል

• ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ አባት የለበሰው የሼርዌርን ልብስ ነው። በታኅሣሥ 1989 ወደ 20,000 ዲስኮች በፖስታ ተበተኑ፤ ይዘታቸው ስለ ኤድስ መረጃ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው ተባለ። አብሮ የላይሰንስ ወረቀት አለ፣ ካልከፈሉ ፕሮግራሙ ሌሎች ፕሮግራሞችዎን እንደሚጎዳም ያስጠነቅቃል። ማን ያነባል? ኮምፒውተሩ 90 ጊዜ ያህል ከተነሣ በኋላ የፋይሎቹ ስም ይመሠጠርና ፓናማ ባለ የፖስታ ሣጥን ቁጥር 189 ዶላር ይላክ የሚል ትእዛዝ ይታተማል። ጆሴፍ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ተያዘ፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን ለፍርድ ለመቅረብ አእምሮው ብቁ አይደለም ተባለ።

• ዛሬም «ክራክ» የሚባለውን የላይሰንስ መስበሪያ ሲያወርዱ መጀመሪያ የሚታዘዙት ጸረ-ቫይረስዎን እንዲያጠፉ ነው። ዘበኛን አሰናብቶ እንግዳን ማስገባት ይሏል ይህ ነው።

እኛ ዘንድ

• የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በእኛ አቆጣጠር) የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከጋዜጣ ጽሑፍ ጋር አሰልፎ ጥበቃ ይሰጠዋል። ላፕቶፕ ፎርማት ሲያስደርጉ «ሁሉንም ፉል ጭኜልዎታለሁ» የሚባለው ነገር፣ ላይሰንስ ከሌለው፣ ከዚህ አዋጅ ጋር ይጋጫል።

• ብዙዎቻችን አማርኛ የምንጽፍበት ኪማን በአንድ ወቅት የሚሸጥ ፕሮግራም ነበር። ሠሪው አውስትራሊያዊው ማርክ ደርዲን ነው። ፕሮግራሙ በ2015 ወደ ኤስአይኤል ድርጅት ከተዛወረ በኋላ ነፃና ኦፕን ሶርስ ሆኗል።

• ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱ ፎንትና አቀማመጥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ዘንድ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ሶፍትዌሩን ትቶ መሄድ ጽሑፍንም ትቶ መሄድ ነበር። ዛሬም የሙከራ ፕሮግራም ሲመርጡ ሥራዎን በሌላ ፕሮግራም በሚከፈት ፋይል ማስቀመጥ ይችል እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ይሞክሩ።

ከቼክ ወደ ካርድ

• አፕል በ2008 አፕ ስቶርን ሲከፍት ለሚሸጥ አፕ የሙከራ ጊዜ የሚባል ነገር አላዘጋጀም። ሠሪዎች «ላይት» እያሉ የተቀነሰ ቅጂ ለብቻው ማውጣት ጀመሩ። በ2018 ዋጋው ዜሮ የሆነ የአፕ ውስጥ ግዢ ተደርጎ ሙከራ እንዲሰጥ በደንቡ ተጻፈ።

• ጉግል በበኩሉ ገዝቶ መመለስን ሙከራ አደረገው። መጀመሪያ 24 ሰዓት ይፈቅድ ነበር። በ2010 ወደ 15 ደቂቃ አወረደው፣ በ2014 ወደ 2 ሰዓት ከፍ አደረገው። ስቲም ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወቱትን ጌም በ14 ቀን ውስጥ ከመለሱ ገንዘብዎን ይመልሳል።

• በአውሮፓ ኅብረት በኢንተርኔት ለተገዛ ነገር 14 ቀን የመመለሻ ጊዜ አለ። ለሶፍትዌር ግን «አሁኑኑ ይውረድልኝ፣ የመመለስ መብቴ እንደሚቀር ተረድቻለሁ» ብለው ከተስማሙ መብቱ እዚያው ያበቃል። ያቺን ሳጥን ሳያነቡ አይጫኗት።

• አዶቤ በ2013 አዳዲስ ቅጂዎቹን በካርቶን መሸጥ ትቶ ወደ ወርኃዊ ክፍያ ዞረ። በሰኔ 2024 የአሜሪካ መንግሥት ከሰሰው። ክሱ ደንበኞች «በየወሩ የሚከፈል» ብለው የገቡበት ውል ዓመታዊ መሆኑና ሲያቋርጡ የሚያስቀጣ መሆኑ በግልጽ አልተነገራቸውም የሚል ነበር። መሠረቱ በ2010 የወጣ ሕግ ሲሆን፣ ሻጭ ውሉን በግልጽ እንዲያሳይ፣ የደንበኛውን ፈቃድ እንዲያገኝና ማቋረጫውን ቀላል እንዲያደርግ ያስገድዳል።

• አፑን ከስልክዎ ማጥፋት ክፍያውን አያቋርጠውም! ውሉ ያለው ከአፕ ስቶር ወይም ከጉግል ፕሌይ አካውንትዎ ጋር ነው። ማቋረጥም እዚያው ገብተው ነው። አፕል ነፃ ሙከራው ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት እንዲያቋርጡ ይመክራል። ካርዱ ውጭ አገር ያለ ዘመድዎ ንብረት ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ የሚቆረጠው ከእሱ ነውና አስቀድመው ይንገሩት።

• በፍሉገልማን ዘመን ለመክፈል ድካም ነበረው፦ ቅጽ መሙላት፣ ቼክ መጻፍ፣ ፖስታ ቤት መሄድ። ዝም ያለ ሰው አይከፍልም ነበር። ዛሬ ዝም ያለ ሰው ነው የሚከፍለው፤ ድካሙ ላለመክፈል ሆኗል። ስለዚህ ነፃ ሙከራ ሲጀምሩ አስቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ «ስንት ቀን ነው?» አይሁን። «ቀኑ ሲያልፍ ምንም ባላደርግ ምን ይሆናል?» ይበሉ። መልሱ «ይነዘንዛል» ወይም «ይቆለፋል» ከሆነ ዘና ብለው ይሞክሩ። «ከካርድዎ ይቆረጣል» ከሆነ ግን ለማቋረጫው ቀን ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ አላርም ይሙሉ።